ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱት

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ከአዳማ ስክሪንሾት ላከልኝ። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፣ አርኤክስ 580 የሚባል ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል የሚሰራው፣ ለጌም ወሳኙ ክፍል)፣ ባለ 8 ጊጋ፣ "በጣም ንጹህ፣ ብዙ ያልተሰራበት፣ ለቶሎ ገዢ ቅናሽ አለው" ይላል። ከስሩ የሱ መልእክት፣ "ይሄን ልግዛው?"

ስራ ላይ ነበርኩ፣ ስራዬን ትቼ የአራት ደቂቃ ቮይስ ላኩለት። ምክንያቱም ያንን ካርድ አውቀዋለሁ፣ እሱን ራሱን ባይሆንም መንትያውን፣ አሁንም ቁምሳጥን ውስጥ ከካልሲዎቼ ጎን ተኝቷል። ልጁ አራቱን ደቂቃ ሰምቶ ሲያበቃ "እሺ ታዲያ ምን ልግዛ?" አለኝ። እሱ ደሞ በቮይስ አያልቅም፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

መጀመሪያ የኔን ጉድ ልንገራችሁ።

ያለኝ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር ነበር፣ አራተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5፣ ራሙን 16 አድርሼዋለሁ። እዚህ አገር በዴስክቶፕ ጌም ልጫወት ብሎ የተነሳ ብዙ ሰው በዚህ በር ነው የሚገባው፣ ከውጭ ቢሮ ተጠራርጎ የመጣ ዴል ወይ ኤችፒ ይገዛል፣ ከዛ "ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው የቀረኝ" ይላል። ይቺ "ብቻ" የምትለዋ ቃል ናት ጉድ የምታፈላው።

ጊዜው ጥሩ ነው ብዬ ነበር። በመስከረም 2015 (በኛ አቆጣጠር) ኢቴርየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ማይን መደረጉን (በኮምፒውተር ስሌት መመረቱን) ሲያቆም በአለም ዙሪያ ስንትና ስንት ካርድ ስራ ፈቶ ገበያ ላይ ፈሰሰ፣ ከዛ ውስጥ የተወሰነው በሻንጣም በምንም እኛ ጋርም ደረሰ። ሻጩ ልጅ ቤቱ ጠርቶኝ ካርዱ ተሰክቶ አሳየኝ፣ ዊንዶውስ ተከፈተ፣ ዩቲዩብ ተከፈተ፣ ፋኖቹ ይሽከረከራሉ፣ መብራቱ ቀይ ነው፣ በቃ ልቤ ተሰረቀ። ዩቲዩብ! ጌም ካርድ ሊገዛ ሄዶ ዩቲዩብ አይቶ ከፍሎ የተመለሰ ሰው እኔ ነኝ።

ቤት ገብቼ ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ስከፍት ካርዱ ላይ ባለ 8 ፒን የፓወር ሶኬት አለ፣ የኔ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች መብራት የሚያከፋፍለው) ላይ ግን እዛ የሚገባ ገመድ የሚባል ነገር የለም። በማግስቱ መገናኛ ሄጄ አንድ ሱቅ ጠየኩ፣ ልጁ ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ከሚሆነው የፓወር ገመድ) ወደ 8 ፒን የሚቀይር አጭር ገመድ አውጥቶ ሰጠኝ። ይሰራል ወይ ስለው "ይሰራል ብሮ፣ ሁሉም ሰው በሱ ነው የሚጠቀመው" አለኝ። እውነቱን ነው ሰራ፣ ዊንዶውስ ላይ። ጂቲኤ 5 ከፍቼ ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳልሞላ እናቴ ከኩሽና "ምንድነው የሚሸተው?" አለች፣ እሷ ሽሮዋ ያረረ መስሏት እየሮጠች ገባች፣ እኔ ደሞ የሽሮው ነው ብዬ ጨዋታዬን ቀጠልኩ። የሽሮው አልነበረም። ገመዱ ጫፉ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀልጦ ነበር።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳታ ሶኬት በ12 ቮልት በኩል የሚችለው 54 ዋት ነው። አርኤክስ 580 በጠቅላላው 185 ዋት የሚበላ ካርድ ነው፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ የሚሰካበት ስሎት እስከ 75 ዋት ይሰጠዋል፣ የቀረውን ከመቶ በላይ ዋት በዛች ቀጭን ገመድ በኩል ጎትት አልኩት ማለት ነው። ኮምፒውተሩም ቤቱም አለመቃጠሉ የናቴ ጸሎት ነው።

እሺ ፓወር ሰፕላይ ልቀይር አልኩ። እዚህም ሌላ ነገር አለ፣ የ9020 ማዘርቦርድ እንደሌላው ባለ 24 ፒን ሳይሆን የራሱ የሆነ ባለ 8 ፒን ሶኬት ነው ያለው፣ ስለዚህ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ላይ ደሞ ከ24 ወደ 8 የሚቀይር ገመድ ያስፈልጋል፣ እሱ ገመድ ከውጭ እስኪመጣልኝ ሁለት ወር ካርዱን ሳጥኑ ውስጥ እያየሁት ከረምኩ። በስንት መከራ ተሰክቶ ሲሰራ ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን የካርድ ዝርዝር የምታሳይ ነጻ ሶፍትዌር ጭኜ ከፈትኩ፣ ሻደርስ (የካርዱ ትንንሽ የስሌት ክፍሎች ብዛት) የሚለው ቦታ ላይ 2048 ይላል። ትክክለኛው አርኤክስ 580 እኮ 2304 ነው ያለው። ለካ 580 2048ኤስፒ የሚባል ለቻይና ገበያ የወጣ ሌላ ካርድ አለ፣ ስሙ 580 ነው፣ ስራው ግን ከታናሹ ከ570 ብዙም አይለይም። ባዮሱ (ካርዱን የሚመራው ውስጡ ያለው ሶፍትዌር) ደሞ ለማይኒንግ ተብሎ ተቀይሯል፣ እሱን ወደ ኦሪጅናሉ መመለስ ሌላ ሁለት ሌሊት። ከዛ ደሞ አንዱ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል።

አንድ ቀን ወረቀት ላይ ሁሉንም ደመርኩት። ካርዱ፣ የቀለጠው ገመድ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ሁለተኛው ገመድ፣ ሙቀት የሚያስተላልፉት ፔስቱና ፓዱ፣ ፋኑ፣ የታክሲው። ካርዱ ራሱ የጠቅላላው ግማሽ ብቻ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለካ ለኔ ነው።

እና "ለገንዘቡ የሚያዋጣ ካርድ የቱ ነው" ስትሉኝ፣ የካርዱን ስም ከመናገሬ በፊት ኬዛችሁን ክፈቱት እላችኋለሁ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ስቲከር አለ፣ ስንት ዋት እንደሆነ ይነግራችኋል። ከሱ የሚወጡትን ገመዶች ተከታተሉ፣ ፒሲአይኢ የሚል ባለ 6 ወይ ባለ 8 ፒን ገመድ አለ ወይ? ከሌለ፣ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም፣ ምርጫችሁ ከስሎቱ በሚገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሰሩ ካርዶች ናቸው። የሳታ መቀየሪያ ገመድ አማራጭ አይደለም፣ ከላይ አንብባችኋል።

እነሱ ደሞ ብዙ አይደሉም (ጂቲኤክስና አርቲኤክስ የሚሉት የኤንቪዲያ፣ አርኤክስ የሚለው የኤኤምዲ ካርድ ነው)። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ አለ፣ የ2016 ካርድ ነው (የካርዶቹን አመቶች በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ እንዳትምታቱ)። ጂቲኤክስ 1650 አለ፣ የ2019፣ ያው 4 ጊጋ ነው ግን ከ1050 ቲአይ በደንብ ይፈጥናል፣ አንዳንድ ካምፓኒዎች 6 ፒን ጨምረውበት ስላወጡት የካርዱን ጎን በፎቶ ሳታዩ እንዳትስማሙ። እና አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ አለ፣ በ2024 መጀመሪያ የወጣ፣ 70 ዋት፣ ሲወጣ ዋጋው 169 ዶላር የነበረ። ለአሮጌ ዴልና ኤችፒ ተብሎ የተሰራ እስኪመስል ድረስ ለኛ የተስማማ ካርድ ይሄ ነው፣ ዲኤልኤስኤስም (ጌሙን ዝቅ ባለ ጥራት ሰርቶ በማሳደግ ፍጥነት የሚጨምር ቴክኖሎጂ) አለው። ግን ልብ በሉ፣ ባለ 8 ጊጋው 3050 ሌላ ካርድ ነው፣ 130 ዋት ነው፣ ገመድ ይፈልጋል። አንድ ስም ሁለት ካርድ፣ ይሄ ነገር ሰልችቶኛል።

ኬዛችሁ ስሊም ከሆነ ደሞ ቁመቱ ያጠረውን፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን ነው የምትፈልጉት፣ እሱ ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል፣ ከካርዱ ጋር አጭሩ ብረት መኖሩን አረጋግጡ። አርኤክስ 6400ም ስሊም ላይ ይገባል፣ ግን እሱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያወራው በ4 መስመር ብቻ ነው፣ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ያ መንገድ ይጠበውና አቅሙን አያወጣም፣ ለኛ አሮጌ ማሽን አልመክረውም።

የስም ነገር ካነሳን አይቀር። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋውና ባለ 6 ጊጋው በሜሞሪ ብቻ የሚለያዩ ይመስላችኋል፣ ኮራቸውም ይለያያል፣ 1152 እና 1280። ጂቲ 1030 ደሞ ባለ ጂዲዲአር5 አለ ባለ ዲዲአር4 አለ፣ የሁለተኛው የሜሞሪ ፍጥነት ከመጀመሪያው ወደ አንድ ሶስተኛ የወረደ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ግን ሁለቱም 1030 ነው የሚሉት። አርቲኤክስ 3060ም ባለ 12 አለ በኋላ የመጣ ባለ 8 አለ፣ ባለ 8ቱ በደንብ ይደክማል። ስለዚህ ሻጭ "3060 ነው" ሲላችሁ "ስንት ጊጋ?" ካላላችሁ ጥያቄውን ገና አልጨረሳችሁም።

አሁን ደሞ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ላላችሁ ወይም ከዜሮ ለምትገጣጥሙ ሰዎች። እኔ ለ1080ፒ (ለተለመደው ፉል ኤችዲ ስክሪን) ያገለገለ ከሆነ አይኔን ጨፍኜ የምለው አርኤክስ 6600 ነው። 8 ጊጋ አለው፣ 132 ዋት ነው፣ አንድ 8 ፒን ይበቃዋል፣ አቅሙ ከ3060 ባለ 12 ጊጋው ጋር የሚቀራረብ ነው። እዚህ ከተማ ደሞ አንድ የታዘብኩት ነገር አለ፣ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኤንቪዲያ ነው?" ብሎ ነው፣ አይደለም ካልከው ይሄዳል፣ ስለዚህ የኤኤምዲ ካርድ የያዘ ሻጭ ዋጋ ላይ ቶሎ ይለሳለሳል። ስትገዙ ደስ ይላል፣ ስትሸጡ ደሞ ያው እናንተም ትለሳለሳላችሁ። ካርዱን አራት አምስት አመት ልትይዙት ከሆነ ኤኤምዲ፣ በየአመቱ የምትቀያይሩ አመል ያለባችሁ ከሆነ ኤንቪዲያ፣ የኔ ስሌት ይሄ ነው። ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ፣ ብሌንደር (የ3ዲ ምስል መስሪያ) ምናምን የምትሰሩ ከሆነ ግን ያለ ክርክር 3060 ባለ 12 ጊጋ።

ጂቲኤክስ 1660 ሱፐርም መጥፎ አይደለም፣ 125 ዋት፣ 6 ጊጋ፣ ያኔ ያንን ሁሉ ገንዘብ ሰብስቤ ቢሆን እሱን እገዛ ነበር እያልኩ የምቆጨው በሱ ነው። አዲስ ለምትገዙ አርቲኤክስ 4060 አለ 115 ዋት፣ የኢንቴሉ አርክ ቢ580 አለ 12 ጊጋ ይዞ በ249 ዶላር የወጣ። ቢ580ን ስታዩ ልባችሁ እንዳይሰረቅ፣ ሪሳይዘብል ባር የሚባል፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ እንዲደርስበት የሚያደርግ ነገር የሌለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ በጣም ይወርዳል፣ አራተኛ ጀነሬሽን ዴል ላይ ሰክታችሁ ካርዱን እንዳትሰድቡት።

ፕሮሰሰሩንም እዩት። አራተኛ ጀነሬሽን አይ 5 ባለ አራት ኮር ላይ 3060 መሰካት በጋሪ ፈረስ ፎርሙላ ዋን እንደመግባት ነው፣ ካርዱ ቁጭ ብሎ ፕሮሰሰሩን ይጠብቃል። አንዳንዴ ደሞ ችግሩ ካርድም ፕሮሰሰርም አይደለም፣ አንድ 8 ጊጋ ራም ብቻ ተሰክቶ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ሁለተኛ ራም መጨመር ከሁሉም ይረክሳል። ኮምፒውተር ገና ካልገዛችሁና የምትጫወቱት ቀለል ያለ ነገር ከሆነ ራይዘን 5 5600ጂ ከነግራፊክሱ ስለሚመጣ ካርድ ሳትገዙ ትጀምራላችሁ፣ ሲቀናችሁ ትጨምራላችሁ።

ዋጋ በብር ንገረን ትሉኝ ይሆናል። አልነግራችሁም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ውሸት ይሆናል። ከሐምሌ 2016 (በኛ አቆጣጠር) በፊት ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ገበያው ሲለቀቅ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሄዷል፣ ያገለገለ ካርድም አብሮ ሄዷል፣ ሶስት አመት የሰራበትን ካርድ ከገዛበት በላይ የሸጠ ጓደኛ አለኝ። ስለዚህ "በስንት ነው የገዛኸው" የሚለው ጥያቄ አይረዳችሁም። እኔ የማደርገው በዛው ሳምንት አራት አምስት ማስታወቂያ አያለሁ፣ ሁለት ካርዶችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፣ 1650ው የ6600ውን ሁለት ሶስተኛ ዋጋ ከጠየቀ 1650ው ውድ ነው ማለት ነው፣ በብር ስንትም ይሁን። ዱባይ ወይ አሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም ጠይቁ፣ ግን አዲስ ካርድ ጋራንቲው እዛው የተገዛበት አገር ነው፣ እዚህ ሲበላሽ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እድሜም ዋጋ ውስጥ ይገባል። ኤንቪዲያ ለ900 እና ለ1000 ተከታታዮች የጌም ድራይቨር ማውጣቱን ከጥቅምት 2025 (በፈረንጅ) በኋላ አቁሟል፣ የሚቀራቸው የሴኩሪቲ አፕዴት ብቻ ነው። ያ ማለት 1050 ቲአይና 1060 ነገ ጠዋት ይሞታሉ ማለት አይደለም፣ ሲኤስ 2ም ፊፋም ይሰራሉ፣ ግን ሻጩ እንደ ድሮው ዋጋ ሲጠራባችሁ ይሄን ንገሩት። ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ጥላን እንደ እውነተኛው የሚያሰላ ነገር) የሌለው ካርድ ላይ ጭራሽ የማይከፈቱ ጌሞችም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በርከት እያሉ መጥተዋል። በሌላ በኩል የኤኤምዲው ኤፍኤስአር (የዲኤልኤስኤስ አቻ) የቀደሙት ስሪቶቹ አሮጌ ጂቲኤክስ ላይም ይሰራሉ፣ ጌሙ ውስጥ ካሉ ካርዳችሁን አንድ ሁለት አመት ያቆዩላችኋል።

ያገለገለ ስትገዙ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጂፒዩ-ዚ እና ፈርማርክ (ካርዱን እስከ ጥጉ የሚያሰራ መፈተሻ) የተጫኑበት። ጂፒዩ-ዚ የታወቁ ፎርጅድ ካርዶችን ስማቸው ፊት ፌክ ብሎ ይጽፍባቸዋል፣ በጣም አሮጌ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ባዮሱ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል፣ ቀልዴን አይደለም። ፈርማርክን አስር አስራ አምስት ደቂቃ ለቃችሁ ቁጭ በሉ፣ ሻጩ ሻይ ካቀረበላችሁ ጠጡ፣ ግን አይናችሁ ስክሪኑ ላይ ይሁን፣ ነጠብጣብ ወይ ካሬ ካሬ ቀለም ብቅ ካለ ሜሞሪው ታሟል፣ ተነሱና ውጡ። ሙቀቱ 85 እያለፈ የሚወጣ ከሆነም ዋጋው ላይ አውሩ። ከዛ የምር አንድ ጌም ክፈቱ። ማይኒንግ የሰራ ስለሆነ ብቻ ግን አትሽሹ፣ በደንብ የተያዘ ካለ ከጌመሩ ካርድ ባልተናነሰ ይሰራል፣ የሚደክመው ፋኑና ፓዱ ነው። ሻጩ "ፓወር የለኝም መሞከሪያ፣ ቤትህ ወስደህ ሞክር" ካለ፣ ገንዘቡም እስክሞክረው ኪሴ ይቆይ በሉት፣ መልሱን ታያላችሁ።

ሞኒተራችሁ ቪጂኤ (የድሮው የምስል ሶኬት) ብቻ ከሆነ ይሄንንም ሂሳብ ውስጥ አስገቡት፣ የዘመኑ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም፣ መቀየሪያ ትገዛላችሁ፣ ርካሹ መቀየሪያ ደሞ ብዙ ጊዜ ስክሪኑን ጥቁር ያደርገዋል። ሞኒተሩ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ) ከሆነ ካርዱ 140 ኤፍፒኤስ (በሰከንድ 140 ምስል) ቢያወጣ አይናችሁ አያየውም። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥርስ? እኔ ካርድ ከመግዛቴ በፊት ስታቢላይዘር ነው የምገዛው፣ ይሄን ከልምድ ነው የምለው፣ ዝርዝሩን ሌላ ቀን።

ወንድሜን በቪዲዮ ኮል ኬዙን አስከፈትኩት። አቧራው ጉድ ነው። ስቲከሩን አስነበብኩት፣ 240 ዋት ይላል፣ 6 ፒን የለም፣ ፕሮሰሰሩ ስድስተኛ ጀነሬሽን አይ 5 ነው። ክርክር አላስፈለገንም፣ 3050 ባለ 6 ጊጋ። ሻጩ ጋ ሲሄድ ፍላሹን ይዞ ሄደ፣ ጂፒዩ-ዚውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ሻደርስ 2304፣ ሜሞሪ 6 ጊጋ፣ 96 ቢት፣ ልክ ነው፣ ፈርማርክ ላይ 68 ዲግሪ። ሻጩ ልጅ ራሱ "ይሄን ሶፍትዌር ላክልኝ" ብሎታል። ማታ ጂቲኤ ላይ ሁሉን ነገር ሃይ አድርጎ 60 ኤፍፒኤስ እንደማይወርድበት በሰባት ቮይስ አስረዳኝ።

የኔ 580 አሁንም ለሽያጭ ነው በነገራችን ላይ። ባዮሱ ተስተካክሏል፣ ፋኑ አዲስ ነው፣ የፈርማርክ ቪዲዮ አለኝ። 2048ኤስፒ መሆኑን ለጠየቀኝ ሁሉ መጀመሪያ ነው የምናገረው፣ ለዛ መሰለኝ እስካሁን ያልተሸጠው።